የእቴቴ የቅጠል ጨው

ያለፈው ሳምንት ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ፣ ባጃጅ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች አንዲት ባላገር ሴት እርጥብ ነጭ ሽንኩርት ከነቅጠሉ በማዳበሪያ ከረጢት ታቅፋ ነበርና፣ ባጃጇ ጉድጓድ በገባች ቁጥር ቅጠሉ እየታሸ ሽታው ብድግ እያለ ሲመጣብኝ መውረጃዬን አልፌ ሄድሁ። ነጂው «እትዬ፣ አልፈሻል እኮ፤ ወይስ ሽርሽር ነው?» ሲለኝ ነው የነቃሁት። እሱም ቢሆን ብዙ አልረዳኝም፤ ሴትዮዋ ስትወርድ ተከትያት ወረድሁና ሽንኩርቱን ትታ ቅጠሉን ብቻ ትሰጠኝ እንደሆነ ጠየቅኋት። ከላይ እስከ ታች አየችኝ።

«ለበግ ነው?»

«ለእናቴ ነው» አልኋት።

በሳቅ ፈነዳች፤ እኔም ምን እንዳልሁ ሲገባኝ ሳቅሁ። ዛሬ ቅጠሉን ለሰው ብሎ የሚፈልገው የለም፣ ቆርጠው ነው የሚጥሉት። አንድ እቅፍ ሙሉ ጠምዝዛ ቆርጣ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረችልኝ፤ እኔም ያንን ይዤ በእግሬ ወደ ቤት ስሄድ፣ ጉልበቴ እያመመኝ፣ ስድስት ዓመቴ ነበር።

ያደግሁበት ቤት ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ነበር። ዛሬ ከተማው ደርሶበት ኮብልስቶን ተነጥፎበታል፤ ያኔ ግን ከአጥራችን ማዶ የገብስ ማሳ፣ ከማሳው ማዶ የባሕር ዛፍ ነው። ጓሮው የእቴቴ ግዛት ነበር። እናቴን እኛ ልጆቿ እቴቴ ነው የምንላት፤ ለሰፈሩ ስንዱ ናት። ነጭ ሽንኩርት በመደዳ፣ ጎመን፣ ድንብላል፣ በሶብላ፣ አጥሩ ጥግ ላይ ደግሞ አንድ ያረጀ ጤና አዳም ነበራት፤ እኔና ዶሮዎቹ ከመደዳው መካከል ስንገኝ የምንባረረው በአንድ ዓይነት ድምፅ፣ በአንድ ዓይነት ዱላ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ ሲጠራ ቅጠል የሚለቀምበት ጊዜ ይመጣል። የነጭ ሽንኩርቱን ቅጠል ገና ቢጫ ሳይሆን፣ የድንብላሉን ሳያብብ፣ የበሶብላውን ጠል ሲደርቅለት ትለቅመውና በሰፌድ አድርጋ ቆጥ ላይ፣ ከጥላ ውስጥ ታሳድረዋለች። ፀሐይ ላይ ማስጣት በእሷ ዘንድ ነውር ነበር፤ «ፀሐይ ጠረኑን ይቀማዋል፤ ለማን ብየ ነው እኔ ፀሐይን የምቀልብ?» ትላለች። በሰባተኛው ቀን ገደማ ቅጠሉ በጣት ሲነኩት እንደ ደረቅ ወረቀት ሲሰበር፣ አሞሌውን ጨው በድንጋይ ሰብራ፣ በብረት ምጣድ ላይ መንጣጣቱን እስኪያቆም ትቆላውና፣ ከቅጠሉ ጋር ደባልቃ ወፍጮው ላይ ትንበረከካለች። መጁ ወደ ፊት ሲሄድ ጨው፣ ወደ ኋላ ሲመለስ ቅጠል የሚሸት ይመስለኝ ነበር። ከወፍጮው አፍ የሚወርደው ዱቄት አረንጓዴ ነው፤ ቅንድቧም፣ ሽፋሽፍቷም አረንጓዴ ይሆናል፣ እኔም በሳቅ እሞታለሁ።

መጨረሻ ላይ የምታደርጋት አንድ ነገር ነበረቻት። ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጋ ጆሮዋ ሥር ትወስድና በሁለት ጣቷ ታሸዋለች። ጨው ሲታሽ ይንሾካሾካል፣ ቅጠል ግን ዝም ይላል፤ የጨውና የቅጠሉን ልክ የምታውቀው በዚያ ነው። ያነሰ ሲመስላት አንዲት ስባሪ ትጨምራለች፣ የበዛ ሲመስላት ቅጠል። የሰፈሩ ሴቶች «ስንዱ፣ እስቲ ከዚያች ከጉደኛዋ» እያሉ ትናንሽ ቅል ይዘው ይመጡ ነበር፤ ቆንጥራ ትሰጣለች እንጂ ሙያውን አትሰጥም። እኔ ለጌጥ የምትሠራው ይመስለኝ ነበር። ጨው ከገበያ የሚጠፋበት ዘመን እንደ ነበርና ቅጠሉ የጨው ማብዣ እንደ ነበር ያወቅሁት ልጆች ከወለድሁ በኋላ ነው።

ወጥ ውስጥ ከገባ በኋላ ግን ጨው አይሰማም፤ እዚያ ላይ ምላስ ያስፈልጋል። እቴቴ ደግሞ ጿሚ ናት። ቅዳሴ ሳይወጣ ወጥ መቅመስ ቀርቶ ምራቋን ስትውጥ እንኳ የምትሳቀቅ ትመስል ነበር። በየቤቱ ያለው ዘዴ የታወቀ ነው፦ ጾም ያልጀመረ ልጅ ይጠራል። በእኛ ቤት ያ ልጅ እኔ ነበርሁ። ከእንጨት ማንኪያው ጫፍ ወጡን በእጄ መዳፍ ላይ ጠብ ታደርግልኝና ዐይን ዐይኔን እያየች «ጨው አለው?» ትለኛለች፤ እኔም እንደ ዳኛ ቆሜ፣ ሰማይ ሰማይ አይቼ፣ «ትንሽ ይቀረዋል» ወይም «በቅቶታል» እላለሁ። ታላላቆቼ የሚላኩት ውኃ ለመቅዳት ነው፣ እኔ የምጠራው ለፍርድ። ለሰው ስታስተዋውቀኝ እንኳ «ይቺ ምላሴ ናት» ትል ነበር።

በዚያ ዓመት በሁዳዴ የእቴቴ የማኅበር ተራ ደረሰ። ጠላው ተጠምቆ፣ ሽሮው ተሰናድቶ፣ ቤቱ ሲታጠን ሲጠረግ፣ እኔ ጓዳ ገብቼ ከአሞሌው ሥር አንዲት የአውራ ጣት የምታህል ስባሪ አገኘሁና ጉንጬ ውስጥ ወሸቅኋት። ጨው እንደ ከረሜላ የሚመጠጥበት ዘመን ነበር፤ የዛሬ ልጆች አያምኑኝም። ገና መሟሟት ስትጀምር «ምላሴ!» ተብዬ ተጠራሁ።

ልተፋው አልሁ፣ ታየኛለች። ልውጠው አልሁ፣ ትልቅ ነው። በምላሴ ወደ ጥግ ገፋሁትና መዳፌን ዘረጋሁ። ቀመስሁ። በዓለም ያለው ሁሉ ጨው ጨው ይለኛል፤ ሽሮውም፣ መዳፌም፣ እንባዬም።

«ጨው አለው?»

«በቅቶታል» አልሁ፣ በአንድ ጉንጬ።

ከቅሉ ልትዘግን ያነሣችውን እጇን መለሰችው። ደስ አላት፤ የቅጠል ጨውዋ ተረፈላታ።

ቅዳሴ ወጥቶ ማኅበርተኛው ገባ። ቄሱ ባረኩ፤ ሰው በላ። ባለቤት የምትበላው መጨረሻ ነውና እቴቴ ቆማ ታስተናግዳለች። ቤቱ ዝም አለ፤ ሰው ሲጥመው የሚለውን ዝምታ ሳይሆን ሰው ሲተዛዘን የሚለውን ዝምታ። ቄሱ ሳል አሉና «የተገኘውን ይባርክ» ብለው ጠላቸውን አነሡ። ያኔ ጎረቤታችን እትዬ የሻረግ፣ ምላሷ እንደ ምላጭ የሆነች ሴት፣ ጉርሻዋን ከአፏ ሳታወርድ፣ «አንች ስንዱ፣ ማን ታሞብሽ ነው? ይኸ እኮ የበሽተኛ ወጥ ነው!» አለች። ሰዉ ከመሳቅ የቀረው በጾሙ ምክንያት ብቻ ይመስለኛል፤ አንዳንዱ በጾሙም አልቀረ።

እንግዳው ሲወጣ እቴቴ አንድ ጊዜ ቀመሰችና ቀና ብላ አየችኝ። አልመታችኝም። ጉንጬን በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ስባሪው አልቆ ነበር፣ ውስጡ ግን ተልጦ ስለነበር ዘልዬ ተነሣሁ። ሁሉም ነገር ገባት። «ምላስሽን አምኘ» አለች። ወጡን ደፍታ ድስቱን ማጠብ ጀመረች። በሚቀጥለው መስከረም ቅል ይዞ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ለመጥረግ የሚበቃ ሰበብ ሁሉ ፈልጋ ደጃፉን ስትጠርግ ዋለች። መንገዱን እያየች መሆኑን እኔ ብቻ አውቅ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በጣዕም ነገር ዋሽቼ አላውቅም ነበር። የባሌ እኅት ሙሽራ ሆና ስለሠራችው የመጀመሪያ ወጥ እንኳ እውነቱን ነግሬያት ሁለት ዓመት ሳንነጋገር ኖረናል።

አሁን እቴቴ ከእኔ ጋር ናት። እግሯ ማበጥ ሲጀምር ሐኪም ቤት ወሰድኋት፤ ልጅ እግር ሐኪም ነው፣ ጨዋ ነው፣ «እማማ፣ ከእንግዲህ ጨው በፍጹም፤ በጣትዎ ጫፍም ቢሆን» አላት። እሷም «ልጄ፣ አንተን እናትህ ያለ ጨው ነው ያሳደገችህ?» አለችው። ሳቀ። እሷን ለመድኃኒቱ ተራ እንድትጠብቅ ካስቀመጣት በኋላ ግን በሩ ላይ ሳይስቅ ነገረኝ፤ ልቧ እንደደከመ፣ ጨው ከገባ ውኃው ወደ ሳንባዋ እንደሚወጣ፣ ጠባቂዋም እኔ እንደሆንሁ። እንግዲህ በየት ልውጣ? ጨው ከሰጠኋት እገድላታለሁ። ካልሰጠኋት ሁለት ጊዜ ትጎርስና «እንጨት እንጨት አለኝ» ብላ ሳህኑን ትገፋለች፤ የክንዷ ቆዳ በጣቶቼ መካከል እንደ ሐር ሆኗል። ለመንኋት፣ ተቆጣኋት፣ ሎሚ ጨመቅሁላት፣ እንደ ሕፃን አጎረስኋት። አንድ ቀን ሳህኑን ወደ እኔ ገፋ አድርጋ «አንች፣ አፌ ሙቷል፤ እስቲ ቅመሽልኝ። ጨው አለው?» አለችኝ።

ቀመስሁ። ጭቃ ነው።

«አለው» አልኋት።

አራት ጊዜ ጎረሰች። ምላሴን አምና። በማግስቱም ጠየቀች፣ በማግስቱም ዋሸሁ፤ ይኸው ወራት ሆነኝ፣ እናቴን በውሸት ነው የምቀልባት። ውሸቱም እየደከመ መጣ፤ አራቱ ጉርሻ ወደ ሦስት፣ ሦስቱ ወደ ሁለት ሲወርድ ነው ያቺ ባጃጅ ውስጥ የተቀመጥሁት።

ቅጠሉን በጥላ አደረቅሁት። የወፍጮው ድንጋይ ዛሬ ደጃፋችን ላይ የጫማ ጭቃ መጥረጊያ ሆኖ ስለተቀመጠ በሙቀጫ ወቀጥሁት፤ ጤና አዳም ከጎረቤት ለመንሁ፣ በሶብላ ገዛሁ። ጨው አልጨመርሁም። ዓርብ በቀትር፣ በረንዳው ላይ ፀሐይ ስትሞቅ ከወጧ ጎን በትንሽ ሲኒ አቀረብሁላት። ምላሷ ቢከዳትም አፍንጫዋ አልከዳትም፤ ሲኒው ሳይደርስ ቀና አለች። «ከየት አገኘሽው?» አለችኝ፤ ድምፅዋ የዚያ ጓሮ ድምፅ ነበር፣ ዶሮ የሚያባርረው።

ቆንጠር አደረገች። ወጡ ላይ ልትነሰንሰው ነው ብዬ ስጠብቅ፣ እጇ ወደ ላይ ወጣ፣ ወደ ጆሮዋ።

ይህን ረስቼው ነበር። ሃምሳ ዓመት ሙሉ ሽታውን ሳስታውስ ይህችን ረስቻት ነበር። በሁለት ጣቷ አሸችው፣ ዝም አለ። ጣቷን አጥብቃ ደግማ አሸችው። ቀና ብላ አየችኝ፤ ያን ቀን እንግዳው ከወጣ በኋላ ባየችኝ ዐይን ነው ያየችኝ፣ እኔም መግቢያ አጣሁ። «ጨው አለው?» ትለኛለች ብዬ ውሸቴን አፌ ላይ አዘጋጅቼ ቆምሁ። አልጠየቀችኝም። ዱቄቱን ወጡ ላይ በተነችው፣ ጎረሰች፣ ቀስ ብላ አላመጠችና ዋጠች።

«በቅቶታል» አለች።

ሳህኑን ጨረሰችው። እኔን እያየች፣ አንድ በአንድ፣ ለእኔ ስትል ጨረሰችው። ሳህኑን ይዤ ጓዳ ገባሁና ከሲኒው ቆንጠር አድርጌ ጆሮዬ ሥር አሸሁት። ምንም አይልም።