በረዶ ያልጠረገ ሰው ዓረፍተ ነገር

ዕለቱ ማክሰኞ ይመስለኛል፤ ቀኑን ባላምነውም ሰዓቱን አልረሳሁም። ረፋድ አራት ሰዓት ላይ የልጅ ልጄ ከቦሌ አራብሳ ጎሮ ወዳለው ቤቴ መጣች። ስለ ኮንዶሚኒየም ጉርብትና ያዘጋጀችውን የመመረቂያ ጽሑፍ በዚያው ዕለት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ማስገባት ነበረባት። የመጨረሻውን ምዕራፍ የከፈተችው ከአሮጌ የንባብ ማስታወሻ ደብተሬ ባገኘችው ዓረፍተ ነገር ነው። «የራሴ ነው፤ ውሰጂው» ብዬ የሰጠኋትም እኔው ነኝ።

ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት፦ «ጉርብትና በየማለዳው ካልጠረጉት በረዶ የሚደፍነው መንገድ ነው።»

«አባባ» አለች ፈገግ ብላ፣ «እርስዎ በረዶ የጠረጉት መቼ ነው?»

ደነገጥኩ። በረዶ በሚጠረግበት አገር ኖሬ አላውቅም። በወጣትነቴ በእንግሊዝኛ ያነበብኩትን በአማርኛ እያሳጠርኩ መመዝገብ ልማዴ ነበር፤ የጸሐፊውን ስም ግን «መቼም አልረሳውም» በሚል ድፍረት እተወው ነበር። ከብዙ ዓመታት በኋላ የእጅ ጽሑፉም አማርኛውም የእኔ ስለሆነ ሐሳቡም የእኔ መሰለኝ። ለተማሪዎቼ «መተርጎም ባለቤት አያደርግም» ስል የኖርኩት ሰው ስሕተቴን ለልጅ ልጄ አስተላለፍኩ። ፈታኞቿ ቢደርሱበት በስርቆት የምትጠየቀው እሷ ነበረች።

ያነበብኳቸውን ጽሑፎች ፎቶ ኮፒ የያዙ ካርቶኖቼን ወለሉ ላይ ዘረገፍናቸው። ወለሉ ላይ ተቀምጠን አንድ በአንድ ማገላበጥ ጀመርን። ስምንት ሰዓት ገደማ፣ ራሴ በእርሳስ ያሰመርኩበት ገጽ ከነጸሐፊው ስም ተገኘ። እሷ አጨበጨበች፤ እኔም የጉልበቴን ሕመም ረስቼ ብድግ አልኩ።

ዓረፍተ ነገሩን በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አስገብታ ምንጩንና ተርጓሚውን ጻፈች። ቀጥላም ከዚያው ደብተር የወሰደችውን ሌላ ዓረፍተ ነገር አሳየችኝ።

«ይሄስ?»

«የእኔ ይመስለኛል።»

«‹ይመስለኛል› ተብሎ የግርጌ ማስታወሻ አይጻፍም፣ ፕሮፌሰር» አለች እያሾፈች።

እውነቷን ነበር። ምንጩን ብንፈልገው አጣነው፤ ሰዓቱም ገፍቶ ነበር። ሰረዘችው። በምትኩ ከብሎኳ ነዋሪዎች አንዲት እናት በቃለ መጠይቅ የነገሯትን፣ «ቁልፌን የምተውላት ጎረቤት እስካገኝ ድረስ ቤቱ ቤት አልመሰለኝም» የሚለውን ከነቀኑ አስገባች። ከሰረዘችው የተሻለ ነበር፤ በዚህስ አልጠራጠርም።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ጉርድ ሾላ ካለው ዩኒቨርሲቲዋ ደወለችልኝ። «ገባ፣ አባባ።»

እኔ ተመልሼ ወለሉ ላይ ተቀምጬ ነበር። የቀሩትን ደብተሮች እየገለጥኩ፣ ባለቤቱ በጠፋብኝ ሐሳብ ሁሉ ጎን «የማን?» ብዬ በቀይ እጽፍ ነበር፤ እንዲህ ጓጉቼ የሠራሁበትን ከሰዓት በኋላ አላስታውስም።