የቀለም ቀቢው ቸኮሌት ቡና

ሰፈርተኛው ሁሉ «ጋሽ ብሩሽ» ይለዋል። ስሙን ያወጡለት አብረውት የሚሠሩት ቀለም ቀቢዎች ናቸው። ጸጉሩ ቀጥ ብሎ የሚቆም ስለሆነ «ይሄን ሰውዬ ዘቅዝቀን ብንይዘው ግድግዳው እስከ ምሳ ያልቅልናል» እያሉ ይስቁበት ነበር። እሱም አብሯቸው ይስቃል። ሲስቅ ግን ድምፅ የለውም፤ ትከሻው ብቻ ነው የሚንቀጠቀጠው። ጠዋት መሰላሉን ተሸክሞ ይወጣል፣ ማታ የዋለበትን ቤት ቀለም በጥፍሩ ሥር ይዞ ይመለሳል።

ሚስቱ የክሊኒክ ካርድ ክፍል ሠራተኛ ነበረች። የተዋወቁትም እዚያው ነው። ክፍሉን ሊቀባ ሄዶ «መደርደሪያው ይነሳልኝ» ቢል፣ እሷ «አንዲት ካርድ ከቦታዋ ንቅንቅ አትልም» አለችው። እሷ ስትከራከር እሱ ዝም ብሎ ሰማት። ከዚያ መደርደሪያውን ሁሉ በላስቲክ ሸፈነና በጠባቡ መሃል እየተሽሎከለከ አንዲት ጠብታ ሳያፈስ ቀባው። የዚያን ዕለት ለእህቷ «እንዲህ ያለ ሰው ቤት ውስጥ ቢኖር አይከፋም» ማለቷን የሰማው ከተጋቡ በኋላ ነው።

በቤታቸው የእሁድ ጠዋት የእሷ ነበር። ወጥ ቤት ገብታ በሩን ትዘጋለች። «ሰው ሲያየኝ እጄ ይተሳሰራል» ትላለች። ከዚያ በትሪ ይዛው ትወጣለች፤ ቡና ነው፣ ቸኮሌት ነው፣ ወተት ነው፣ ሦስቱንም ነው። ለልጃቸው ለሚጣ ቡናው ጠብ ብቻ ይደረግላታል፣ ወተቱ ይበዛላታል። ሌላ ቀን ቢለምኗትም አትሠራውም። «እሁድን በምን ልንለየው ነው?» ትል ነበር።

ክረምት ሲገባ ታመመች፤ ክረምቱ ሳይወጣ አረፈች።

መጀመሪያ ሰው ይበዛል። ከዚያ ይሳሳል። ከዚያ ነጠላ ጫማዋ በሩ ሥር እንደተቀመጠ ይቀራል፤ የሚያነሳው አይገኝም። ጋሽ ብሩሽና ሚጣ በአንድ ቤት እንደሚያድሩ እንግዶች ሆኑ። «ምሳ በላሽ?» ይላታል። «በላሁ» ትለዋለች። ሁለቱም ሌላ የሚሉት ፈልገው አያጡም፤ ግን ያ ሌላው ነገር ሁሉ ወደ ሟቿ ያደርሳል፣ ስለዚህ አይነኩትም።

አንድ እሁድ አክስት መጣች። የሟች ታላቅ እህት ናት፣ ልብስ ሰፊ። ክፋት የላትም፤ አፏ ግን ከስፌት መኪናዋ እኩል ነው የሚሮጠው። ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ጀመረች።

«ቁርስ ምን በላችሁ?»

«ዳቦ በሻይ» አለ ጋሽ ብሩሽ።

«ትናንትስ?»

ፍርፋሪውን ከጠረጴዛው ጠረገ። ሚጣ ቀና ሳትል «ትናንት ሻይ በዳቦ ነበር» አለች።

አክስት ልጅቷን ወደ ሱቅ ላከቻትና ወንበሯን ወደ እሱ አስጠጋች። «ስማኝ ወንድሜ። ልነጥቅህ አይደለም የመጣሁት። ልጅቷ እያደገች ነው። እኔ ቤት ክፍል አለ፣ ሴት አለ፣ ወሬ አለ። እዚህ ምን አለ?»

«አባቷ» ሊል ፈለገ። ምላሱ ላይ ቀረ።

«በሚመጣው እሁድ እመለሳለሁ። ራሷ ትንገረኝ። እሄዳለሁ ካለች ሻንጣዋን ታሰናዳለህ። እቀራለሁ ካለች አፌን እዘጋለሁ።»

«አንቺ? አፍሽን?»

ዓይኗን አፈጠጠችበት። «ለትንሽ ጊዜ» አለች።

እንድትቀርለት ፈልጓል። እንዲህ አጥብቆ የፈለገው ነገር አያስታውስም። ግን «ቅሪልኝ» አይላትም። ብትቀርለት ለእሱ አዝና ይሆናል፣ ልጅ ደግሞ አባቷን ለማስታመም አትቀመጥም። ቤቱ ራሱ ሊይዛት ይገባል ብሎ አሰበ። ቤት ደግሞ በምን ይይዛል? እሁድ ትዝ አለችው።

በማግስቱ ከሥራ ቀደም ብሎ ወጣና አንድ ቆርቆሮ ቸኮሌት የሚሠራበት የካካዎ ዱቄት ገዛ። ሚጣ ከትምህርት ቤት እስክትመለስ ወጥ ቤቱ የእሱ ነው። ቡናውን አፈላና አጠለለ። ዱቄቱን ግን ወደ ድስቱ አልጨመረውም። ስኒ ውስጥ አድርጎ ጥቂት ሞቅ ያለ ወተት ጠብ እያደረገበት በማንኪያ ጀርባ አሸው፣ አሸው፣ እንደ ቅቤ ለስላሳ እስኪሆን። የቀለም ዱቄት በአንዴ ፈሳሽ ከለቀቁበት ይጓጉላል፤ ቀድመው ጥቂት አጠጥተው ካሹት ይታዘዛል። ይህን ከወጣትነቱ ጀምሮ ያውቀዋል። እስከዚህ ድረስ የሚያህለው አልነበረም።

የሳተው ከዚህ በኋላ ነው። የሚስቱን ቡና ቀለም ያውቀዋል፤ የተወለወለ የእንጨት በር መስሎ፣ ከሥሩ ቀላ የሚል። የእሱ እርጥብ ጭቃ መሰለ። ዱቄት ጨመረ፤ ጠቆረ። ወተት ጨመረ፤ ገረጣ። ቡና ጨመረ። ነጭ ካርቶን ላይ ጠብ ጠብ እያደረገ መስኮቱ ጠርዝ ላይ አሰጣው፤ ቀለም እርጥብ ሳለ ይዋሻል፣ እውነቱን የሚናገረው ሲደርቅ ነው። እየጨመረ፣ እየቀነሰ፣ ካርቶኑን ወደ ብርሃን እያዞረ በመጨረሻ አገኘው። ያው ራሱ ነው። ይህን ሁሉ ሲያደርግ አንድ ጊዜ እንኳ አልቀመሰም። ቀለም ቀቢ ቀለሙን አይቀምስም።

ሚጣ ቦርሳዋን እንዳንጠለጠለች በሩ ላይ ቆመች። በካርቶኑ ላይ የተደረደሩትን ቡናማ ነጠብጣቦች አየች።

«አባዬ፣ ይሄ የማን ቤት ነው?»

«የእናትሽ ቡና ነው። ቅመሺው እስቲ።»

ተቀበለችው። ጎንጨት አለች። ፊቷ ተጨማደደ፣ ግን ዋጠችው፤ ስኒውንም መለሰችለት። እሱም ቀመሰ። ምላሱን የመዝጊያ ቫርኒሽ የነካው ያህል መረረው።

«ቀለሙ ግን ልክ ነው» አለ።

«ቀለሙማ ልክ ነው» አለች ሚጣ። ካርቶኑን አነሳችና ወደ ሳሎኑ ግድግዳ አስጠጋችው። «አባዬ፣ ልንጠጣው ነው ወይስ ልንቀባው?»

ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። እሷ ያንን ስታይ ጊዜ ሳቋ አመለጣት፣ ከዚያ መያዝ አቃታት፤ ወጥ ቤቱ ወለል ላይ ቁጭ ብላ ሳቀች። እንባዋ መጣ። የትኛው እንባ እንደሆነ አልጠየቃትም፤ አጠገቧ ቁጭ አለ።

ሳቁ ሲበርድላቸው «እማዬ ስትሠራው» አለች። እማዬ የሚለው ቃል ከስንት ጊዜ በኋላ ቤቱ ውስጥ ተሰማ። «አልጋዬ ላይ ሆኜ መጀመሪያ የሚሸተኝ ቡናው አልነበረም። የሚያርር ነገር ነበር።»

«ምን የሚያርር?»

«ጣፋጭ የሚያርር።»

ተያዩ። ከዚያ ሁለቱም ወደ ስኳሩ ጣሳ አዩ።

የመጀመሪያው ስኳር ከሰል ሆነ። ጭሱ በመስኮት ወጥቶ ጎረቤትየዋን አጥር ላይ አመጣት። «ጋሽ ብሩሽ፣ ሰላም ነው? ምን ተቃጠለ?»

«ስኳር ነው።»

«እሺ፤ ቤቱ ከሆነ ብዬ ነው» ብላ ተመለሰች።

በሁለተኛው እሳቱን ዝቅ አደረጉት። ስኳሩ ከዳር ዳር ቀለጠ፣ ማር መሰለ፣ ከዚያ ቀላ። «አሁን» አለች ሚጣ። ትኩሱን ቡና ሲያፈስበት ተቆጣ፣ ተንጨረጨረ፣ ድስቱ ሥር ድንጋይ ሆኖ ቀረ። ሊደፋው ድስቱን አነሳ።

«ቆይ አባዬ፣ አትቸኩል። አማስለው።»

አማሰለው። ድንጋዩ ቀስ በቀስ ሟሟ። የታሸውን ካካዎ ጨመረበት፣ ወተቱን አስከተለ። ሲያማስል ያ ሲያሳድደው የዋለው ቀለም ሳይጠሩት መጣ፣ ከሥሩ ቀላ ብሎ። በዚህኛው ግን አልተታለለም፤ መጀመሪያ ቀመሰ። ከዚያ ስኒውን ለልጁ ሰጣት።

ሚጣ ጠጣች። «የእማዬ አይደለም» አለች።

«አይደለም።»

«ግን ጥሩ ነው።»

ድስቱን ጨረሱት።

በዚያ ሳምንት በየቀኑ ሠሩት። እሱ ያሻል፣ እሷ ስኳሩን ትጠብቃለች። እሱ ቡናው ይጨመር ይላል፣ እሷ ትንቢት የምትናገር ይመስል «ይመራል» ትለዋለች፤ ይመራልም። ድስቱ እስኪፈላ ደግሞ ዝም ብሎ መቆም አይቻልምና ወሬ መጣ። ስለ አስተማሪዋ ነገረችው። እሱ ስለ ካርድ ክፍሉና ስለ ላስቲኩ ነገራት፤ ሰምታው አታውቅም ነበር፤ ሁለት ጊዜ አስደገመችው። ስለ እሁዱ ግን አልጠየቃትም፣ እሷም አላነሳችም። ቅዳሜ መሰላል ላይ ሆኖ ሲያስበው እጁ ቆሞ፣ ቀለሙ በክንዱ ወርዶ እጅጌው ውስጥ ገባ።

እሁድ አክስት መጣች። ሚጣ አስቀመጠቻትና ወደ ወጥ ቤት ገባች፤ አባቷም ተከተላት። አክስት መቀመጥ መች ትችላለች፣ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ይሄ ስኳር አርሯል።»

«አላረረም አክስቴ።»

«እኔ የማየውን?»

«አክስቴ፣ እኔ ልብስ ስትሰፊ ክሩ ተጣሞብሻል እልሻለሁ?»

አክስት አፏን ከፈተች፣ መልሳ ገጠመችው። ጋሽ ብሩሽ አንገቱን ደፍቶ ካካዎውን አሸ፤ ፎቅ ላይ ተንጠልጥሎ እንኳ እንዲህ አልቦት አያውቅም።

ሲቀርብላት አንድ ጊዜ ተጎነጨች። ደገመች። ከዚያ ስኒዋን በሁለት እጇ ይዛ ወደ ውስጡ ማየት ጀመረች።

«ይሄ ለምንድን ነው ያልጓጎለው?» አለች በመጨረሻ፣ ድምፅዋ ቀጭን ሆኖ። «እኔ ስንቴ ሞክሬ አሸዋ ሆነብኝ መሰለህ። ያቺ እህቴ ደግሞ በሩን እየዘጋች፣ ለእኔ እንኳ አላሳየችኝም።»

«ቀድሞ ጥቂት ማጠጣት ነው፣ እህቴ። ከዚያ ማሸት» አለ ጋሽ ብሩሽ።

«እኔ አሳይሻለሁ» አለች ሚጣ።

«ጎሽ። እኔ ቤት ስትመጪ እንግዲህ...»

«አይ፤ እዚህ ነው የማሳይሽ። እሁድ እሁድ ነይ። እኔ አልሄድም አክስቴ።»

አባቷ ስኒውን አስቀመጠ። «ለእኔ ብለሽ እንዳይሆን፣ ልጄ» አላት። ይህን ለማለት ያለውን ጉልበት ሁሉ ነው የከፈለበት።

ሚጣ ግራ የገባት ይመስል አየችው። «ለአንተ ብዬ አይደለም። ቤቴ ስለሆነ ነው።»

አክስት ሁለቱን አፈራርቃ አየች። ከዚያ ተነስታ እጅጌዋን ሰበሰበችና ወደ ምድጃው ሄደች። «በይ አሳዪኝ። የቱ ጋ ነው ስኳሩ?»

አሳየቻት። ስኳሩን አቀለጡ፣ ቀላ፤ አክስትም እንደ ልማዷ ቸኩላ ቡናውን በአንዴ ለቀቀችበት፣ ድስቱ ሲጮህም ወደ ኋላ ዘለለች።

«ቀስ፣ አክስቴ፣ ቀስ» አለች ሚጣ ማንኪያውን እየቀማቻት። «ምንም አልሆነም፣ ይሟሟል። አማስዪው።»

ጋሽ ብሩሽ የወጥ ቤቱን መቃን ተደግፎ ቆሞ ነበር። በስኒው የቀረው ገና ትኩስ ነው። ሁለቱ ምድጃው ላይ ሲነታረኩ እያየ፣ ሳይቸኩል፣ እስከ አተላው ድረስ ጠጣው።