ከጥፊው ገጽ የተቆረጠ እጅጌ

የ1970 ዓ.ም. ክረምት ነበር፤ የጦሳን ተራራ ጉም ሸፍኖት የሰነበተበት። ልጄ የስፌት መኪናዋን ዘይት ባጠጣች ቁጥር ያ ክረምት ይመጣብኛል። የመኪና ዘይትና የረጠበ ወረቀት ይሸተኛል።

ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚባለው ሰፈር፣ እትዬ ሙሉ ጎረቤታችን ነበረች፤ ልብስ ሰፊ። ሰው ሲያናግራት አንገቷን ወደ አንድ ጎን ታዘነብላለች። የመኪናው ጩኸት ጆሮዋን የጎዳት ይመስለን ነበር። በሱቋ ጥግ የፍቅር መጽሔቶች ነበሩ፤ ኮምቦልቻ ትሰፋላቸው የነበሩ ፈረንጆች አገር ለቀው ሲሄዱ የተዉላት። ታሪኩ በስዕል ነው፤ የሰዎቹ ንግግር ከአፋቸው በነጭ ክብ ውስጥ ይወጣል። ቋንቋውን ማናችንም አናውቅም። እሷ የቀሚስ ፋሽን ትቀዳበታለች፤ እኔና ታላቅ እህቴ ዘሃራ ስዕሉን እናያለን። ሴቶቹ ሁሉ ቆንጆ ናቸው፤ ሁሉም መስኮት ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፣ ያለቅሳሉ። ወንዱ ሴቷን በጥፊ ይላታል፤ ገጹን ስንገልጥ አቅፋው እናገኛታለን። መጨረሻው ሁልጊዜ ሰርግ ነው። እኛም ፍቅር ይኸው ነው ብለን ተቀበልን።

ጊዜው ቤት ለቤት የሚፈተሽበት፣ ወጥቶ መመለስ የሚያጠራጥርበት ነበር። ከአብዮት ጥበቃዎቹ አንዱ ዘሃራን ወደዳት። አባታችን እምቢ ለማለት ፈራ፤ እሺ ለማለትም አንጀቱ አልቻለም። ሰውየው ቀሚስ እንዲሰፋላት ለእትዬ ሙሉ ጨርቅ ሰጠ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዘሃራ ልትለካ ስትመጣ ጉንጯ ላይ የጣት ምልክት ነበር። ከወንድ ጋር ስታወሪ አየሁሽ ብሎ መታኝ አለችን። እትዬ ሙሉ ሜትሯን አንገቷ ላይ ጣለች። ዘሃራ ግን ፈገግ ብላ መጽሔቱን በጣቷ አሳየችን።

«ባይወደኝ ይቀና ነበር?»

እትዬ ሙሉ የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች።

«እዚህ ያልቃል አይደል? ከሰርጉ በኋላ ያለውን እኔ ላሳይሽ» አለችና ሻሿን ፈታች። ከግራ ጆሮዋ ጀርባ የቆየ ጠባሳ አለ። «በዚህኛው አልሰማም። መኪናው አይደለም፣ ባሌ ነው። እሱም ይወደኝ ነበር።»

ይህን እንዳለች ሰውየው ገባ። ጠብመንጃውን መቁረጫው ጠረጴዛ ላይ አጋደመ። መጽሔቱን አገላብጦ ጥፊው ያለበት ገጽ ላይ ሲደርስ ሳቀ።

«ፈረንጁም ያውቅበታል» አለ። ከዚያ ፊቱን አጠቆረ። «ይሄ የኢምፔሪያሊስት ቆሻሻ እዚህ ምን ይሠራል?»

«ለልብስ ልክ የምቆርጠው ወረቀት ነው፣ ጌታው። ቀሚሱ ለነገ ይደርሳል።»

መጽሔቱን ነገ ሳይቆረጥ ካገኘው እትዬ ሙሉን ወስዶ እንደሚያስራት፣ ዘሃራም ቀሚሱን ለብሳ እዚሁ እንድትጠብቀው ነግሮን ወጣ። ዘሃራ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አልፈልገውም» አለች። ያን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነበር። በማግስቱ ጎህ ሲቀድ አባታችን ፈጅርን እንደሰገደ ኮምቦልቻ አክስታችን ዘንድ ይዟት ወረደ።

ሰውየው መጥቶ ዘሃራን ሲያጣ ቀሚሱን ከመስቀያው ነጥቆ፣ እንገናኛለን ብሎ ሄደ። ለወራት የእግር ኮቴ በሰማን ቁጥር በሩን እንቀረቅር ነበር። በኋላ ጦር ግንባር ተላከ፤ አልተመለሰብንም። ዘሃራ ዛሬ የልጅ ልጅ አይታለች፣ አልሐምዱሊላህ። እትዬ ሙሉም ዕድሜ ጠግባ በአልጋዋ ላይ አረፈች። ከእሷ አንዲት የወረቀት እጅጌ ልክ ቀርታልኛለች፤ ልጄ የሕፃናት ልብስ የምትቆርጠው በእሷ ነው።

ዘሃራ የሄደች ዕለት ጠዋት፣ ሰውየው ከመምጣቱ በፊት፣ እናቴ እትዬ ሙሉ ብቻዋን እንዳትሆን ብላ ወደ ሱቋ ላከችኝ። ቀሚሱ ተሰፍቶ ተሰቅሏል፤ እሷ መጽሔቶቹን እየቆረጠች ነው። የጥፊውን ገጽ አነሳች። መቀሱን በወንዱ እጅና በሴቷ ጉንጭ መካከል አስገብታ ቆረጠች። ጉንጯ ያለበትን ለሕፃን እጅጌ አስተካክላ ሰጠችኝ፤ እጁን ወለሉ ላይ ጣለችው። ከዚያ ወንበሯን አዞረችና የሚሰማ ጆሮዋን ወደ በሩ አድርጋ ተቀመጠች።