ኦቦ ደበላ ያስያዙኝ እርጥብ ሣር

ጠዋት ገመቹ ከሰበታ ደውሎ ሲነግረኝ «አትቀልድ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁበት። ከዚያ መልሼ ራሴ ደወልኩለት። እያለቀሰ ነበር።

ኦቦ ደበላ አርፈዋል። ባለፈው ቅዳሜ እኮ ወጨጫ ተራራን አብረን ወጥተናል! እኔ ሳለከልክ እሳቸው ከፊቴ ያፏጩ ነበር።

መጀመሪያ አንድ ነገር ይስተካከል። ከጠዋት ጀምሮ «ታዋቂው አስጎብኚ» እያላችሁ የምትለጥፉ፣ አጥፉት። አስጎብኚ አልነበሩም። ሰበታ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጂኦግራፊ ያስተማሩ መምህር ነበሩ። ተራራ የሚወጡት ደስ ስለሚላቸው ነው፤ እኛ ተከተልናቸው። ከሱሉልታ እስከ ፉሪ ያላስወጡን ዳገት የለም። የሻማ ሥዕል ከመለጠፍ በፊት ሰው መጠየቅ ምን ይጎዳል?

የጂኦግራፊ መምህር ሆነው ርቀት ላይ ግን ዓይናቸውን ሳያሹ ይዋሻሉ። ምን ያህል ቀረን ስንል መልሳቸው አንድ ነው፦ «ይቺን ብቻ።»

ይቺ ስታልቅ ሌላ ይቺ ትመጣለች።

ጥዱ ላይ ጉሬዛዎች ካዩ ደግሞ ቆመው በኦሮምኛ እንዴት አደራችሁ ይላሉ። ነጭ ካባ ደርበው የተቀመጡ ሽማግሌዎችን ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው ባይ ናቸው። እኔ ሰዓቴን አያለሁ፣ እሳቸው መልስ ይጠብቃሉ።

ከተራራው ግርጌ አገሬው ለጸሎት ሣር የሚያኖርበት አንድ ትልቅ ዛፍ አለ። እዚያ ከመድረሳችን በፊት ለሁላችንም እርጥብ ሣር ነቅለው ያስይዙናል። እርጥብ ሣር የያዘ ለሰላም ነው የመጣው፣ አይነካም ይሉናል። እኔ ለፎቶ ያምራል ብዬ ነበር የምይዘው።

የማስተር ፕላኑ ተቃውሞ በጋለበት ሰሞን ጠዋት ወጥተን ስንመለስ መንገዱ በድንጋይ ተዘግቶ ጠበቀን። የቆሙት ወጣቶች መሬታችን ሊወሰድ ነው ብለው የተቆጡ የገበሬ ልጆች ናቸው። አንዱ አንገቴ ላይ የተንጠለጠለውን ጂፒኤስ አይቶ ምንድነው አለኝ።

«መለኪያ ነው» አልኩት።

በዚያ ሰሞን ከዚህ የከፋ መልስ አልነበረም። ቀያሾች መስለናቸው ከበቡን። እኔ የምለካው ከፍታ እንጂ መሬት እንዳልሆነ ማስረዳት ጀመርኩ፤ ስናደድ ደግሞ ድምፄ ይጮሃል። ልጁ ድንጋይ አነሳ።

ኦቦ ደበላ ከመንገዱ ዳር ሣር ነቅለው እጄ ላይ አደረጉና «ይሄን ያዝ፣ አፍህን ዝጋ» አሉኝ። ከዚያ ወደ ልጁ ዞረው የማን ልጅ እንደሆነ፣ አባቱ እንዴት እንደሆኑ፣ ከብቶቹ፣ ዝናቡ... መጠየቅ ያዙ። ድንጋዩ ግን ከልጁ እጅ አልወረደም።

እኔ ሣሬን ዘርግቼ እንደ ሐውልት ቆሜያለሁ። ከኋላዬ አንድ አህያ ቀስ ብሎ መጥቶ በላው።

«ገና አልተስማማንም እኮ!» ብዬ አህያውን ገሠጽኩት።

ቀድሞ የሳቀው ድንጋይ የያዘው ልጅ ነው። «ይለፍ መምህር» አለ ድንጋዩን ጥሎ፣ «ቀያሽ ቢሆን አህያ አይደፍረውም ነበር።» እስከ አስፋልቱ ሸኙን።

እኔ መንገዱን ሙሉ ስበሳጭ ኦቦ ደበላ አስቆሙኝ። «ልጆቹ እውነት አላቸው። እዚህ አካባቢ መሬትህ ሲለካ ካየህ ሊወሰድብህ ነው።» ከዚያ ወዲህ ንዴቴ አልቀነሰም፤ አቅጣጫ ግን ይዟል።

ያ ልጅ ገመቹ ነው። በኋላ ታሰረ። የተፈታ ዕለት ኦቦ ደበላ ከበር ተቀብለው በማግስቱ ወጨጫ አወጡት። ዛሬም መርዶዎን የነገረኝ እሱ ነው፣ ኦቦ ደበላ።

ነገ ለቀብርዎ ከገመቹ ጋር እንመጣለን። ጂፒኤሱን ቤት ትቼ፣ እርጥብ ሣር ይዤ። አህያው ቢመጣ አልቆጣውም።

ዳገቱ ምን ያህል እንደሆነ አልጠይቅዎትም፤ መልስዎን አውቀዋለሁ። እዚያ ላይ ካባ የደረቡ ሽማግሌዎች ካገኙ ለእኔም ሰላም ይበሉልኝ፤ በዚህ ጊዜ ሰዓቴን አላይም።

ነጋቲ፣ በሰላም ይሂዱ መምህር። ይቺን ብቻ።