በሰማያዊ የታረመው ደብተር

ፖሊሶች የያዙኝ ሶዶ መናኸሪያ አጠገብ ካለችው የሬዲዮ መጠገኛ ሱቄ ነው። ወጣቶች እኔ ጋ እየመጡ ስለ ክልል ጥያቄ ያወሩ ነበር፤ እኔም ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ሱቁን በርብረው ያገኙት አንድ ደብተር ብቻ ነው።

ያሰሩኝ ክፍል ለአራት ሰው ይጠብባል፤ አሥራ አንድ ነበርን። ግድግዳው ያልባል፣ የሽንቱ ባልዲ በሩ ሥር ነው። መቀመጥ አቃተኝ። በሰው እግር መሃል ከበሩ እስከ ግድግዳው እመላለሳለሁ።

«ጋሼ፣ ይህን ሁሉ መንገድ በነፃ ነው የምትሄደው?» አለኝ አብሮኝ የታሰረ አንድ የሻንቶ ከተማ ባጃጅ ነጂ። «ኧረ ተቀመጥ፣ ራሴን አዞርከው!»

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው ጠራኝ። ዕድሜው ከልጄ አይበልጥም። ደብተሬ ጠረጴዛው ላይ ተከፍቷል።

ውስጡ ያለው የአንድ የድሮ ጥቁር አሜሪካዊ የብሉዝ ጊታር ተጫዋች ምርጥ ዘፈኖች አልበም ነው፤ የአሥራ አራቱ ዘፈኖች ርዕስ፣ በአማርኛ። የተረጎምኩት እኔ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል አቋርጬ እንግሊዝኛን ከሬዲዮ ብቻ የተማርኩ ነኝ። በሶዶ ይህን የሚችል ሌላ ጠጋኝ ካለ ይምጣ።

«‹ቁልፉን በሩ ሥር ተውልኝ›» ብሎ አነበበ። «‹ወንዙ ሲሞላ እነሳለሁ።› ‹የንጋቱ ባቡር አይጠብቅም።› አባባ፣ ባቡሩ ማነው?»

«ባቡር ነዋ።»

«ሶዶ ባቡር አለ?»

«የለም።»

«እንግዲያው የሰው ስም ነው።» ጻፈው።

«የተረጎምኩት ዘፈን ነው» አልኩት። «ሴት ጥላው የሄደችው ሰው ዘፈን።»

«አሥራ አራት ጊዜ?»

«አሥራ ሁለት። በሁለቱ የሄደው እሱ ነው።»

አልሳቀም። ጣቱን ወረቀቱ ላይ አሳረፈ። «ይህ በሰማያዊ እስክሪብቶ የታረመው የማን እጅ ነው? ስሙን ይንገሩኝና ምሳዎን ቤትዎ ይበሉ።»

አልበሙን በፍላሽ የሰጠኝ፣ አምስቱን ርዕስ ያረመልኝም፣ ከሌላ ክልል ተመድቦ እዚህ የሚሠራ ሐኪም ነው። ሦስት ትንንሽ ልጆች አሉት።

«የእኔ እጅ ነው» አልኩ። «እኔን ማን ያርመኛል?»

«አይመሳሰልም።»

«በግራዬ ነው የጻፍኩት። የብየዳ ብረቱን በቀኜ ስይዝ በግራዬ እጽፋለሁ።»

እስክሪብቶውን ወረወረልኝ። «ጻፍ!» አንቱታው ቀረ።

በግራዬ ጽፌ አላውቅም። ግን የሐኪሙን ጽሑፍ ስንት ቀን ፊደል በፊደል ስፈታው ከርሜያለሁ፤ ዶሮ የጫረችው ይመስላል። ቀስ ብዬ ‹ወንዙ ሲሞላ እነሳለሁ› ብዬ ጻፍኩ። ዶሮ የጫረችው መሰለ።

መርማሪው ሁለቱን እያስተያየ ቆየ። «እንዲህ እየጻፍክ ነው ተርጓሚ ነኝ የምትለው?» አለና ወደ ክፍሌ አስመለሰኝ። ገና ብዙ ሳምንት ቆየሁ።

ከእስር ስፈታ ሐኪሙ ሱቄ መጣ። «ብዙ አንገላቱዎት ጋሼ?» አለኝ። የዘበኞቹን ሬዲዮ ያለ ብየዳ እንዴት እንዳስጮህኩት ነገርኩት። ያ እውነት ነው፣ አስጩኼዋለሁ። የባጃጅ ነጂውን ፊደል እንዳስቆጠርኩትም ነገርኩት። ሻይ አዘዝኩለትና ብዙ አወራሁ።

አሁን ወደ አገሩ ተዛውሮ ርቋል፤ አንዳንዴ ይደውላል። ስለ ደብተሩ እስከ ዛሬ አንድ ቃል አልተነፈስኩለትም። እንደ እኔ ዝም ማለት ለማያውቅ ሰው ቀላል አይደለም።