የሁለተኛው ቅጽ የመጨረሻ ገጽ

ባለፈው ሰሞን አንዲት የሥራ ባልደረባዬ መጽሐፍ አዋሰችኝ። ገና ስገልጠው ኮረሪማ ኮረሪማ ሸተተኝ፤ ቦርሳዋ ውስጥ ከቅመም ጋር ከርሞ ይሆናል። ባቡር ውስጥ ነበርኩ። አፍንጫዬን ገጹ መሃል ከትቼ ቀረሁ። ጎኔ የተቀመጠው ሰውዬ ዞር ብሎ ሲያየኝ አፈርኩ፣ ግን ቀና አላልኩም። አየሽ፣ ቅመም የሚሸት መጽሐፍ ካገኘሁ አሥራ ሰባት ዓመቴ ይመጣብኛል። ባይመጣ ደስ ባለኝ፤ ግን ማን ጠይቆኝ!

በዚህ ወር ሦስት መጽሐፍ ጨርሻለሁ። አንዱ የወንጀል ታሪክ ነው፤ ሟቹ እስኪገደል ድረስ በጣም ስላሰለቸኝ እኔው ልገድለው ደርሼ ነበር። ሁለተኛው ስለ እንቅልፍ የሚመክር ነው፤ ገና መግቢያው ላይ አስተኝቶኛል፣ ቃሉን ጠብቋል። ሦስተኛው የአንዲት ነርስ የሕይወት ታሪክ ነው፤ ስለ ኦፕሬሽን የምታወራበትን ምዕራፍ ዘልዬዋለሁ። የአሁኑ ንባቤ እንዲህ ነው፣ የጠገበ ሰው ንባብ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ግን የማነበው ወንድሜን ፍለጋ ነበር።

የምንኖረው ከሜሪላንድ ማዶ፣ አሌክሳንድሪያ ነበር። ወንድሜ በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ኮሌጅ ገብቶ ነበር፤ አንድ ዓመት ሙሉ ግን ጠዋት ጠዋት ቦርሳውን አንግቶ እየወጣ፣ ክፍል ሳይገባ፣ ላይብረሪ ተቀምጦ ልብ ወለድ ሲያነብ ይውል ነበር። ትምህርቱን ጥሎ ድሮፕ አውት ማድረጉን የሚናገር ደብዳቤ ቤት የመጣ ዕለት ጉዱ ፈላ። አባቴ የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ነው፤ ውሸት የሚባል ነገር አይወድም። «ዓመት ሙሉ ፊቴ ላይ ስትዋሽ የኖርክ፣ እኔ አንተን አላውቅህም። ውጣልኝ!» አለው። ወንድሜ አንድ ቦርሳ ይዞ ወጣ። ስልኩን ቀየረ፣ ፌስቡኩን ዘጋ፣ ድራሹ ጠፋ።

በሚቀጥለው እሑድ ሰዎች «ልጁ የት ሄደ?» ሲሉት ያ ውሸት የማይወደው አባቴ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ቴክሳስ ትምህርት አገኘና ሄደ።» ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ከዚያ ወዲያ መመለስ የለም። እኔም እናቴም «እንዴት ነው፣ ቴክሳስን ወደደው?» ሲሉን «ተመስገን፣ ደህና ነው» ማለት ለመድን። ልጃችን ጠፋ፣ ያየ አለ ወይ ብለን ማንንም መጠየቅ አንችልም። ቴክሳስ ያለ ልጅ እንዴት ተብሎ ሜሪላንድ ይፈለጋል?

እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት ያገኘችው ወንድሜ በወጣ በሁለተኛው ወር ነው። ሐኪሟ በቶሎ ኦፕሬሽን መሆን አለብሽ ብላ አፖይንትመንት ሰጠቻት። እማዬ ሦስት ቀን ሲቀረው ኮል አድርጋ ካንሰል አደረገችው። «ልጄን ዓይኑን ሳላይ ቢላዋ አይነካኝም» አለች። በቃ። አባቴ ለመናት፣ ተቆጣት፣ እግሯ ሥር ተንበርክኮ አለቀሰ። «አንተ ነህ ያወጣኸው፣ አንተው አምጣው» አለችው። እሱም በየላይብረሪው ዞሮ ፈልጎ አጥቶታል። የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ደግሞ በእምነት ፈውስ እየጠበቀች መስሏቸው «እንዴት ያለ እምነት ነው!» እያሉ ያደንቋት ነበር። መዝሙር መሃል ላይ ልጮህ እደርሳለሁ። እምነት አይደለም፣ ልጇን ነው የምትፈልገው!

ቅዳሜ ቅዳሜ የመዘምራን ልምምድ ስለነበረኝ ሁለት ባቡር ቀይሬ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ እሄዳለሁ። ከልምምዱ ቦታ አጠገብ አንድ ወሎዬ ሐጂ ሱቅ ነበራቸው፤ እንጀራ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ቅመማ ቅመም የሚሸጡበት። ከበርበሬው ከረጢት በላይ ሁለት መደርደሪያ የአማርኛ መጽሐፍ ደርድረው በነጻ ያውሳሉ። ሕጋቸው አንድ ብቻ ነው። መጽሐፉን የጨረሰ ሰው የተሰማውን በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ ጽፎ ይመልሳል። ስም አይጻፍም። «ስሙን ካስጻፍከው ይዋሻል» ይሉ ነበር።

አንድ ቅዳሜ እማዬ ሽሮ ግዢ ብላኝ ገባሁ። ተራዬ እስኪደርስ አንድ የወንጀል ልብ ወለድ አንስቼ ከኋላው ገለጥኩት። የመጨረሻው ገጽ ላይ በአረንጓዴ እስክሪብቶ የተጻፈ ነገር አየሁ። ወንድሜ ግራኝ ነው፤ ፊደሎቹ ሁሉ ነፋስ የገፋቸው ይመስል ወደ ኋላ ያጋድላሉ። አማርኛ ያስተማረኝ እሱ ስለሆነ ያን ጽሑፍ ከሺህ መሃል እለየዋለሁ። «ገዳዩን ገና ገጽ ሠላሳ ላይ አውቄዋለሁ። ቢሆንም ጨረስኩት፤ ሌላ ምን ሥራ አለኝ?» ይላል። ከሥሩ ቀኑን ጽፎበታል። ሁለት ሳምንት እንኳ አልሞላውም።

አለ። በሕይወት አለ፣ ቅርብ ነው፣ እዚህ ሱቅ ይመጣል።

«ሐጂ፣ ይሄን የጻፈው ሰው መቼ መቼ ነው የሚመጣው?» አልኳቸው። ከኋላዬ ሁለት አብረውኝ የሚዘምሩ እህቶች ቆመዋል። ሐጂ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና ሳቁ። «ልጄ፣ መጽሐፉን ውደጂ እንጂ አንባቢውን አትውደጂ!» እህቶች ተንጫጩ። ፊቴ ጋለ። ወንድሜ ነው ልል አፌን ከፈትኩ፤ ቴክሳስ ትዝ አለኝ፤ ዘጋሁት። የአንዲት ቃል ነገር ነበር እኮ!

ለእናቴም አልነገርኳት። ተስፋ ሰጥቻት ባጣውስ? ለአባቴ ብነግረው ደግሞ ሱቁ ድረስ ሄዶ ይጮህና ልጁን ጭራሽ ያርቀዋል ብዬ ፈራሁ። ራሴ አግኝቼው፣ እጁን ይዤ እናቴ ፊት ላቆመው ነው ያሰብኩት። በአሥራ ሰባት ዓመት ሰው ሁሉን እችላለሁ ይላል።

ከዚያ ወዲያ ንባቤ የእብድ ሆነ። አረንጓዴ ቀለም ያለበትን መጽሐፍ ሁሉ እየወሰድኩ፣ የት እንደሚኖር የሚጠቁም ነገር ባገኝ ብዬ፣ እሱ ያነበበውን ከፊት እስከ ኋላ አነበብኩ። የፍቅር ልብ ወለድ አነበብኩ፤ ልጅቷን በጥፊ ባልኳት ደስ ባለኝ፣ ሰውየው አይረባም! ወንድሜ ግን «ሰውየው እናቱን ሳይሰናበት ሲሄድ መጽሐፉን ዘግቼ ወጣሁ። ሄጄ ሄጄ ተመለስኩና ጨረስኩት» ብሏል። ያን ገጽ ደግሜ አነበብኩትና እኔም አለቀስኩ። ስለ ስኬት የሚሰብክ መጽሐፍ አነበብኩ፤ በየገጹ ተነሥ፣ ንቃ፣ ሩጥ ይላል፤ ደከመኝ። «ይሄ ደራሲ አባቴን ያውቀዋል» ብሎ ጽፎበታል፤ ባቡር ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ። የግጥም መጽሐፍ አነበብኩ፤ አንዱም አልገባኝ። እሱም «አልገባኝም፣ ግን ደረቴን አመመኝ» ብሏል። አድራሻ ግን የለም። የአንድ መንገድ ስም እንኳ የለም። አንድ ቅዳሜ ልምምዱን ትቼ ከሱቁ ፊት ለፊት ቆሜ ዋልኩ፤ አልመጣም።

እማዬ በዚህ መሃል ሁለተኛውን አፖይንትመንት ካንሰል አደረገች። ሳቅፋት በክንዷ ደረቷን መከለል ጀምራለች።

በመጨረሻ አንድ ታሪካዊ ልብ ወለድ ደረሰኝ፤ ሁለት ቅጽ ነው። በአንደኛው ቅጽ መጨረሻ ወንድሜ «ሁለተኛው ሰው ጋ ነው አሉኝ። እንደተመለሰ እወስደዋለሁ» ብሎ ጽፏል። ሁለተኛው ቅጽ ሲመለስ ቀደምኩት። አራት መቶ ምናምን ገጽ በአንድ ሳምንት ጨረስኩ። ስለ ጦርና ስለ ድንኳን ነው፤ እኔን የያዘኝ ግን የዘማቹ እናት ነች፤ ልጇ ርቆ ሳለ ትታመማለች። ይሄኔ አንድ ሐሳብ መጣልኝ። ስለ መጽሐፉ አስመስዬ ብጽፍ ሌላ አንባቢ ቢያየው እንኳ አይጠረጥርም። በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ እንዲህ አልኩ፦ «እናት ታማለች። ልጇን ካላየች አልታከምም ብላለች። ይሄን ያነበበ ልጅ ዛሬውኑ ወደ እናቱ ይምጣ።» የእኔን ጽሑፍ ለማወቅ ለእሱ አንድ መስመር ይበቃዋል።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሁለተኛው ቅጽ መደርደሪያው ላይ የለም። ወስዶታል! ወደ ቤት የበረርኩት በእግሬ አይመስለኝም። በር በተንኳኳ ቁጥር እዘላለሁ፤ ፖስተኛው ይሆናል፣ ጎረቤት ይሆናል። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት፣ አምስት ሳምንት።

በስድስተኛው ቅዳሜ መጽሐፉ ተመልሶ አገኘሁት። የመጨረሻው ገጽ ላይ የራሴ ጽሑፍ አለ፤ ከሥሩ ባዶ ነው። አንብቦ ተወን አልኩ። ድንጋይ! የእናቱን ነገር አንብቦ መጽሐፉን ቦታው መልሶ ሄደ! እንደዚያ ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም። ልወረውረው አንስቼ ሳለ መሃል ላይ ተገለጠ። ገጽ መቶ አሥራ ሁለት ላይ ጫፉ ታጥፏል። ወንድሜ ያቆመበትን ገጽ እንዲያ ነው የሚያጥፈው። ወደፊት ገለጥኩ፤ ሌላ የታጠፈ የለም። እዚያ ድረስ ብቻ ነው ያነበበው። የእኔ መልእክት ሦስት መቶ ገጽ ወዲያ ተቀምጦ ሲጠብቀው ከርሟል። ይተወዋል ብዬ እንዴት ላስብ? የማይረባውን ሁሉ የሚጨርስ ልጅ ነው!

በርበሬው ከረጢት ላይ ቁጭ ብዬ ጮህኩ። ሐጂ ሚዛናቸውን ትተው መጡ። «አብሽሪ ልጄ፣ ምን ነካሽ?»

«ወንድሜ ነው!» አልኳቸው አረንጓዴውን ጽሑፍ እያሳየሁ። «ቴክሳስ የሚባል ነገር የለም! ወንድሜ ነው! እናቴ ልትሞትብኝ ነው!» ሱቁ ውስጥ የቤተ ክርስቲያናችን አንዲት ሴትዮ ነበሩ። ይስሙ!

ሐጂ ራሳቸውን ያዙ። «ያ ዝምተኛው? ወላሂ ማክሰኞ ማክሰኞ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጦ ሻይ አብሮኝ ይጠጣል እኮ! ምነው ልጄ፣ ምነው አንዲት ቃል ብትተነፍሺ!»

ሱቁን ዘግተው መኪናቸው ውስጥ አስገቡኝ። ቤቱን ያውቁት ኖሯል፤ ሪቨርዴል ፓርክ ነው፣ ከሱቁ ሃያ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ወንድሜ የአንድ ቤዝመንት በር ከፈተ። ከስቷል፣ ጢም አብቅሏል። «ሚጢ» አለኝ። እኔ «እማዬ» ብቻ አልኩት። ካልሲ ሳያደርግ ጫማውን አጥልቆ ወጣ።

እማዬ ስታየው አላለቀሰችም። ፊቱን በሁለት እጇ ይዛ እያገላበጠች አየችውና «ምን እየበላህ ነው እንዲህ የሆንከው?» አለችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «በይ ሐኪሟ ጋ ኮል አድርጊ» አለች። አባቴ ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ወንድሜ ሊያልፈው ሲል ክንዱን ያዘው፤ አለቀቀውም። እሑድ ዕለት አባቴ «ልጄ ከቴክሳስ መጣልኝ» ብሎ ለጉባኤው ተናገረ። ሱቅ ውስጥ የነበሩት ሴትዮ ቀና ብለው አዩኝና ከሁሉ ቀድመው «አሜን» አሉ። እግዜር ይስጣቸው።

ኦፕሬሽኑ ተደረገ። ግን ወራት አልፈዋል፤ በሽታው ጉበቷ ደርሶ ነበር። ሐኪሟ «ያኔ ቢሆን ኖሮ» ብላ ጀመረችና የወንድሜን ፊት ስታይ ተወችው። እማዬ ዓመት አልቆየችልንም። ለቅሶው ላይ ሰዎች ወንድሜን ስለ ቴክሳስ ሙቀት ይጠይቁት ነበር፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ይመልስ ነበር። ወንድሜ «እንዴት አገኘሽኝ?» ሲለኝ «ሐጂ ነገሩኝ» ብዬ አለፍኩት። ሐጂም ምስጢሩን አማና ብያቸው ሌላ ነገር አልተነፈሱም።

ወንድሜ አሁንም ሪቨርዴል ፓርክ ነው፣ አግብቶ ወልዶ። ስንገናኝ የምናወራው ስላነበብነው ነው፤ ሌላ ወሬ አንችልበትም። በቀደም እኔ ቤት ሳህን እያጠብን ሳለ ድንገት «ያ የዘማቹ ታሪክ፣ ሁለተኛው ቅጽ፣ ትዝ ይልሻል?» አለኝ። እጄ ውኃው ውስጥ ቀረ።

«በሕይወቴ ጀምሬ የተውኩት መጽሐፍ እሱ ብቻ ነው» አለ። «የልጁ እናት መታመም ስትጀምር እማዬ መጣችብኝ። አላስቻለኝም፣ ዘጋሁት። አሁን ግን ፈልጌ ልጨርሰው አሰብኩ። አንቺ ጨርሰሽዋል አይደል? መጨረሻው እንዴት ነው?»

ሳህኑን አለቅልቄ ሰጠሁት።

«ተወው» አልኩት። «መጨረሻው ላይ ምንም የለም።»