ተመልካች የጠፋበት ሰልፍ

ጋሽ ፊሽካ በታክሲ ተራ አስከባሪነት ሠላሳ አንድ ዓመት ሲያገለግሉ፣ በእሳቸው ፊት ወረፋ የዘለለ ሰው አልታየም። ነፋስ እንኳ እዚያ ፌርማታ ሲደርስ ተራውን ጠብቆ ያልፍ ነበር ይባላል። ባለፈው ዓመት ግን ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ተተከለና እሳቸው በምስጋና ወረቀት ተሸኙ። ቤት መዋል አልሆነላቸውም። ባለቤታቸው አንድ ጠዋት ኩሽና ቢገቡ ድስቶቹ በቁመታቸው ተሰልፈዋል። «ሰውዬ፣ በሞቴ ሥራ ፈልግ!» አሉ።

የተገኘው ሥራ የሰፈሩን የበዓል ሰልፍ ማዘጋጀት ነበር። የኮሚቴው ሰብሳቢ ፋርማሲስቷ ናት፤ ቃሏን እንደ ዓይን ጠብታ እየቆጠረች የምታንጠባጥብ ሴት። «ጋሼ፣ አምና መንገድ ዳር ቆሞ ያየን ሦስት ሰው ነው። አንደኛው ደግሞ ታክሲ እየጠበቀ ነበር። ዘንድሮም ተመልካች ካጣን ሰልፉ ለዘለዓለም ቀረ፤ እርስዎም ወደ ድስትዎ።»

«አታስቢ ልጄ፣ አንድ ሰው ቤቱ አይቀርም!» አሉ ደረታቸውን ነፍተው።

አልቀረምም። በር ለበር እየዞሩ ልብስ ሰፊውን ከነሠራተኞቹ፣ መካኒኩን ከነረዳቶቹ፣ ጥርስ ሐኪሙን መዘገቡ። ከደረጃው ጋር ተኳርፈው ዘጠኝ ዓመት ከሦስተኛ ፎቅ ያልወረዱትን አሮጊት ሳይቀር፣ ከነወንበራቸው አስወርደው አሰለፉ። በበዓሉ ጠዋት ከወፍጮ ቤቱ እስከ ድልድዩ የተዘረጋው ሰልፍ በማስመሪያ የተሰመረ ይመስል ነበር።

ፋርማሲስቷ የእግረኛ መንገዱን ግራና ቀኝ አየችና «ጋሼ፣ ማን ሊያየን ነው?» አለች።

«ሰዉ ነዋ!»

«የትኛው ሰው? ሰዉን ሁሉ እርስዎ አሰለፉት!»

ጋሽ ፊሽካ ቀና ብለው በረንዳዎቹን ቃኙ። ከተሰጣ ልብስ በቀር ማንም የለም። መንገድ ዳር አንድ ድመት ነበረች፤ እሷም ፊቷን አዙራለች።

«ግማሻችን እንውጣና እንይ» አለ ጥርስ ሐኪሙ።

«አንተ ውጣ! እኔ ይህን ባርኔጣ ሁለት ሳምንት የሰፋሁት ላጨበጭብልህ ነው?» አለ ልብስ ሰፊው። ከዚያ ወደ ጋሽ ፊሽካ ዞሮ «ምናለ ማሽኑ ባዘጋጀው!» ሲል ሰልፉ በሙሉ በሳቅ ፈረሰ።

ይህች ቃል አጥንታቸው ድረስ ገባች። አንገታቸውን ደፍተው መንገዱን ሲያዩ ግን፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ያዩት ነገር መጣላቸው፤ የሚሄደውና የሚመለሰው ታክሲ ፌርማታው ላይ ጎን ለጎን ሲገናኙ፣ ሾፌሮቹ በመስኮት ብቅ ብለው የሚሰዳደቡትና የሚሳሳቁት። ከሠርጋቸው ቀን ወዲህ ሮጠው በማያውቁ እግሮቻቸው እየሮጡ ፊት ካሉት መካኒኮች ዘንድ ደረሱ።

«ቀኝ ቀኙን ይዛችሁ ሂዱ! ከድልድዩ ማዶ ያለውን አደባባይ ዞራችሁ በወዲያኛው ጠርዝ ተመለሱ!»

መካኒኮቹ ከበሮ ያደረጓቸውን በርሜሎች እየደበደቡ ሄዱ፤ ዞሩ፤ ሲመለሱም ከሚመጡት ልብስ ሰፊዎች ጋር ፊት ለፊት ተፋጠጡ።

«ኧረ ባርኔጣውን እዩልኝ! ቤት የሚያህል!»

«ኧረ መካኒክ ታጥቦ እዩልኝ!»

ጭብጨባው ፈነዳ። ሂያጁ ለተመላሹ፣ ተመላሹ ለሂያጁ እያጨበጨበ እጅ ሁሉ እንደ ቲማቲም ቀላ። የመካኒኮቹ አለቃ ሃያ ዓመት አብራው የኖረችው ሚስቱ በማዶ ስትጨፍር አይቶ «ያቺ ቆንጆ የማን ናት?» ብሎ ጠየቀ። አሮጊቷ ከነወንበራቸው ሲያልፉ የተነሣው እልልታ እርግቦቹን ሁለት ቀን ሙሉ ከጣሪያቸው አባረረ። ፊተኞቹ መነሻቸው ላይ ሲደርሱ ማንም ሊያቆም አልፈለገም፤ ከመጨረሻዎቹ ኋላ ተቀጥለው ሁለተኛውን ዙር ጀመሩ።

በሦስተኛው ዙር ፋርማሲስቷ ባርኔጣዋ ተንጋዶ፣ ላብ በላብ ሆና ደረሰች።

«ጋሼ፣ ሪፖርቱ ላይ ስንት ተመልካች ብዬ ልጻፍ?»

«ሰልፈኛው ስንት ነው?»

«አራት መቶ ሠላሳ።»

«ተመልካቹም አራት መቶ ሠላሳ። ድመቷም ፊቷን ወደኛ መልሳለች፣ ጨምሪያት።»

«የከርሞውም የእርስዎ ነው፤ አለቀ!» አለች፣ ቃል መቁጠሩን ረስታ እየጮኸች።

«ከርሞን ተይው ልጄ» አሉ ጋሽ ፊሽካ፣ ከበርሜሉ ድምፅ በላይ እየጮኹ። «ገና ዘንድሮን መች ጨረስን! ይልቅ እግርሽን አንሺ፣ መንገድ ዘጋሽ!»